ቤታቸውን ያመኑ ዓሦች

ሳሪስ ላይ አንድ የቴሌቪዥን መሸጫ ሱቅ አለ። ግድግዳው በሙሉ ቴሌቪዥን ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ያሳያሉ። ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሜሮን የስልኬን ቻርጀር ልትለውጥልኝ ይዛኝ ሄዳ፣ እሷ ከሻጩ ጋር ስትከራከር እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባሕር ነበር የሚያሳየው። ሰማያዊ ውኃ፣ ከሥሩ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ ነጭ ገላቸው ላይ ሦስት ሦስት ጥቁር መቀነት የታጠቁ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ዓሦች። እግሬ እዚያው ቀረ።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ።

ሻጩ ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ ነው፤ ጨዋታ አያልቅበትም። «ዘመድ ናቸው እንዴ እማማ?» አለኝ።

«ያ ትልቁ ወንድ ነው። የቀሩት ሴቶች ናቸው።»

ካርቶን ገልብጦ አስቀመጠኝ። ዓሣውን ማየት በነፃ ነው፣ ማጥመድ ግን ክልክል ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሜሮን ደግሞ አንቺ መቼ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ አለች። እውነቷን ነው፤ ነግሬያት አላውቅም። ለማንም በቅጡ ነግሬ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ምስር እየለቀምኩ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፤ መንገድ ብስት አትቀየሙኝ።

ያደግሁት እዚሁ አቃቂ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይከበን፣ ሽንብራና ጤፍ በሚዘራበት ዘመን። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ እግር ይዞ አይለቅም፤ ጫማ ያለው ሰው ጫማውን ትቶለት ይሄድ ነበር። በአንዱ ክረምት መግቢያ ላይ ነው እትዬ አልጋነሽ አባቴን አነጋግረው የወሰዱኝ። የሰፈራችን ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ከፈለኝ የባሕር ዓሣ ጉዳይ በሚመለከት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ወደ አሰብ ሊዛወሩ ነበር። ልጅ የላቸውም። እትዬ አልጋነሽ፣ ሙቀቱን እስክለምደው ድረስ ልጃችሁን ሎሚን ስጡኝ፣ ለመስቀል እመልሳታለሁ አሉ። አባቴ እሺ አለ። እናቴ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ቆሎ ቋጠረችልኝ። አሥራ አምስት ወይ አሥራ ስድስት ዓመቴ ቢሆን ነው። መስቀል ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄደ።

አሰብን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ክረምት የሚባል ነገር የለም። እኛ አገር በሚዘንብበት ወር እዚያ አሸዋ የያዘ ነፋስ ይነፍሳል። ልብስ አጥቤ አስጥቼ ዞር ሳልል ይደርቃል፤ ደርቆም እንደ ቆዳ ይገተራል፣ ጨው ነውና። የቧንቧው ውኃ እንኳ ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነበር። ጠዋት ከየመን ሰው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ፣ ምሳ ዓሣ፣ እራት ሩዝ፣ ቴምር እንደ ልብ። ከአገር የሽሮ ዱቄት የመጣልን ቀን በዓል ነበር።

ግቢው ነጭ የግንብ አጥር፣ ሰማያዊ የእንጨት በር ነበረው። እግዚአብሔር ያያል፣ በሩ አንድ ቀን ተቆልፎብኝ አያውቅም። መወርወሪያ እንጂ ቁልፍም የለው። በፊቱ ዋናው መንገድ ያልፋል፤ ከወደብ ጭነው የሚወጡ ተሳቢዎች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። ያ ሁሉ ተሳቢ የት የሚያራግፍ ይመስላችኋል? ቃሊቲ። የአባቴ ማሳ ጥግ ማለት ነው። በር ላይ ቆሜ፣ ይኼኛው ከነገ ወዲያ እናቴ ውኃ ከምትቀዳበት ይደርሳል እላለሁ። በመኪና ጎማ የቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ።

ታዲያ ለምን አልወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። እትዬ አልጋነሽ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እወጣ ነበር። ወባ የያዘኝ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዙ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ፀጉሬን ቅቤ ቀብተው የሚሠሩኝ እሳቸው ናቸው። የምበላው ከገበታቸው ነው። የሚጠሩኝም ልጄ ብለው ነው። አገሬን ባነሳሁ ቁጥር፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ትሄጃለሽ፣ ይብረድ እንጂ ይላሉ። ሲበርድ፣ ከገና በኋላ። ገና ሲያልፍ፣ ከፋሲካ በኋላ። ሲሉም በቁጣ አይደለም፤ በልመና ነው። የሚቆጣሽን ትሸሺዋለሽ፤ የሚለምንሽን ግን በየት በኩል ትሸሺዋለሽ? ጎረቤት መጥታ እንዴት ነሽ ስትለኝ «እዚህ ደህና ነኝ» እላለሁ። ትራሴን ነክሼ አለቅስና፣ ፊቴን ታጥቤ ደህና ነኝ እላለሁ።

ጋሽ ከፈለኝ በረንዳው ላይ የመስታወት ገንዳ ነበራቸው። ሰውየው ዝምተኛ ናቸው፤ ዓሣ ካልተነሳ በቀር አንድ ሙሉ ነገር አይወጣቸውም። እነዚያን ባለ መቀነት ዓሦች በመረብ ጨልፈው እያመጡ ገንዳው ውስጥ ይጨምሯቸዋል፣ ዓሦቹ ጥግ ላይ ተለጥፈው ይውሉና በማግሥቱ ይሞታሉ። ሁመድ የሚባል አፋር ዓሣ አስጋሪ ነበር፣ በጀልባው የሚወስዳቸው። ቤቱን ሳታመጣ ባለቤቱን ምን ብለህ ታመጣለህ ብሎ ሳቀባቸው አሉ። ከዚያ በኋላ ዓሦቹን ከነድንጋያቸው ይዘው መጡ።

ድንጋይ አልኩ እንጂ ድንጋይ አይደለም። ጋሽ ከፈለኝ ኮራል ይሉታል። ጥቃቅን ፍጥረቶች ተጣብቀው የሚሠሩት ቤት ነው፤ ቤቱ ራሱ ሕይወት አለው አሉኝ። ቅርንጫፎቹ ጣት ጣት ያህላሉ። በጣቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ልክ ለዓሦቹ የተለካ ነው፤ ትልቅ ዓሣ አፉን እንኳ አያስገባበትም።

የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ በባልዲ ውኃ እየቀዳሁ መለወጥ፣ ቀን ቀን ደግሞ ማየት ሆነ። እንዳትስቁ፤ ማየት ሥራ ነው። ጋሽ ከፈለኝ ከቢሮ ሲመለሱ ዛሬ ምን ሠሩ ይሉኛል፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ማን ቀድሞ እንደበላ፣ ማን ማንን እንደገፋ። ዓሦቹ ከኮራሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ይውላሉ። ጥላ ሲያልፍባቸው፣ ወፍም ትሁን የእኔ እጅ፣ ሁሉም ቱር ብለው ቅርንጫፉ ውስጥ ይገባሉ። ጥላው ሲያልፍ ይወጣሉ። መዓርግ አላቸው፤ ምግብ ሲመጣ ትልቁ ነው ርቆ የሚሄደው፣ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ከቤቱ ጠርዝ አትለይም። እኔም ባልዲዬን ይዤ ባሕሩ ድረስ እሄዳለሁ። ማንም አይከተለኝም። ሞልቼ እመለሳለሁ።

ወንዱ አንድ ብቻ ነው፣ ከሁሉም የሚበልጠው። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአፉ እየለቀመ ያጸዳል፣ ከዚያ ሴቶቹ ፊት ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይጨፍራል። እንቁላል ሲጥሉለት ሌላውን ሁሉ እያባረረ፣ እስኪፈለፈል ድረስ በክንፉ ያራግበዋል። አንድ ቀን ይኼው ወንድ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁት። አሁን ቤቱ ሊበተን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከእሱ ቀጥላ የነበረችው፣ ጭራዋ ሸራፋ ስለሆነ የማውቃት፣ ሌሎቹን መግፋት ጀመረች። ሰንበት ብላ ድንጋዩን ማጽዳት። ከዚያ መጨፈር።

«ጋሼ፣ ሸራፏ ወንድ ሆናለች» አልኳቸው።

ሳቁ። ተምታቶብሽ ነው አሉኝ። በዓይኔ እንቁላል ስትጥል ያየኋት ናት፣ አልተምታታብኝም አልኩ። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ። በማግሥቱ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ልክ ነሽ ሎሚ። ወንዱ ሲሞት ትልቋ ሴት ወንድ ትሆናለች። እኔ ካነበብኩት በፊት አንቺ አየሽው።»

ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። እያደር ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ቤት ከመውጣት ተፈጥሮን መለወጥ ይቀላቸዋል ማለት ነው እኮ። ወራት ሲያልፉ ደግሞ ኮራሉ ራሱ ገንዳው ውስጥ አልስማማ አለው፤ መልኩ ገረጣ፣ ነጣ፣ ላዩ ላይ አተላ የመሰለ ነገር በቀለበት። ሞተ። ዓሦቹ የሞተውን ቤታቸውንም አልለቀቁም። ጥላ ሲያልፍ አሁንም እዚያው ይገባሉ።

በሦስተኛው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ስለ አገሬ ላነሳ ስዘጋጅ፣ እትዬ አልጋነሽ ቀደሙኝ። አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ይዘው፣ ለግንቦት ልደታ የጡት ልጄ አደርግሻለሁ አሉኝ። ማሩ ከወሎ በሾፌር ታዟል፤ ከአገር የመጡ ሽማግሎች ተጠርተዋል።

የጡት ልጅ ማለት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላታውቁ ትችላላችሁ። አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ፣ ልጁ በሽማግሌ ፊት ያንን ጣት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ወለደችው ማለት ነው። ይወርሳል፣ ይጦራል። የጠባውን ትቶ የሄደ እርግማን ይከተለዋል። ቤቱም ንብረቱም የእኔ ሊሆን ነበር። ደግ ነገር ነው፤ ለስንቷ የሙት ልጅ የጸሎቷ መልስ ነው። እኔ ግን የሙት ልጅ አልነበርኩም።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ግንባሬን ያቀዘቀዘውን እጅ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ተሳቢ ማየትም ተውኩ። ምን ያደርግልኛል?

የልደታ ዋዜማ ጋሽ ከፈለኝ አዲስ ኮራል ሊያመጡ ከሁመድ ጋር ወደ አንድ ትንሽ ደሴት ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስጠብቅ ከገንዳ ውጪ አይቼው አላውቅም ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ውኃው ጎድሎ ስለነበር ሁመድ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆመ፤ እኔ ከጀልባው ጎንበስ ብዬ ታቹ መስታወት በሆነ የእንጨት ሳጥን አየሁ።

አቤት የፈጣሪ ሥራ። ኮራሉ ሜዳ ላይ እንዳለ ቁጥቋጦ ብቻውን ቆሟል፤ ዙሪያው ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ማለቂያ የሌለው ሰማያዊ። ዓሦቹ ፊታቸውን ውኃው ወደሚመጣበት አዙረው፣ ውኃው ይዞት የሚመጣውን ደቃቅ ነገር እየለቀሙ ተሰልፈዋል። ገንዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ያየኋቸው ዓይነት ናቸው፤ እዚህ ግን ፊታቸውን የሚያዞሩበት ነገር ነበራቸው።

የሁመድ እጅ ቀረበ። ሁሉም ገቡ። ባሕሩ በሙሉ ክፍት ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ላይ። አንዱም ወደዚያ አልሄደም። ሁመድ ኮራሉን ከሥሩ ነቅሎ አነሳው፣ ከውኃው አወጣው፣ ውኃው ከቅርንጫፎቹ መሃል ተንዠቀዠቀ። ዓሦቹ አልዘለሉም። በፈሩ ቁጥር ወደ ውስጥ ይበልጥ ይጣበቃሉ። የሚያድናቸው ኮራሉ ነበራ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ።

«ለምን አይሸሹም?» አልኩት።

ሁመድ ኮራሉን በርሜሉ ውስጥ አስቀመጠ። አማርኛው የተቆራረጠ ነው፣ ግን ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እኔ ዓሣ አልያዝኩም። ቤት ነው የያዝኩት። እሱ ቤቱን ያምናል።»

ጎንበስ ብዬ እንደገና በሳጥኑ አየሁ። አንዲት በጣም ትንሽ፣ ስፍራ አጥታ ታላላቆቿ የገፏት መሰለኝ፣ ኮራሉ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ትዞራለች። ትዞርና ትቆማለች። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ሄደች። ተበላች ይሁን ሌላ ቤት አገኘች አላውቅም። ስትሄድ ግን አየኋት።

ቤት ስንደርስ እትዬ አልጋነሽ ማሩን ከሰፈፉ እያጠሩ ነበር። የቀሚሴ ጫፍ ገና አልደረቀም። ቆምኩ።

«እትዬ፣ እናት አለችኝ» አልኳቸው።

ቀና አሉ። ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም።

«እኔስ? እኔ ምንሽ ነኝ?»

የቀሚሴን እርጥብ ጫፍ ጨመቅኩት።

«በሩ መቼ ተዘግቶብሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«አንድም ቀን አልተዘጋብኝም እትዬ። ሦስት ዓመት የቆየሁትም ለዚህ ነው።»

ማጥለያውን አስቀመጡ። እጃቸውን አልታጠቡም፣ ማሩ እንደተጣበቀ ወደ መኝታ ቤት ገብተው ዘጉት። በዚያ ቤት ውስጥ በር ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጋሽ ከፈለኝ በረንዳው ላይ ዓሦቹን ወደ ገንዳው ሲያዛውሩ ሁሉን ሰምተዋል። ዞር ብለው አላዩኝም፤ ነገ ጠዋት ወደ ቃሊቲ የሚወጣ ሾፌር አውቃለሁ፣ ልብስሽን ሰብስቢ አሉኝ። ለሽማግሎቹ ልጅቷ አሟታል ተብሎ ተላከ።

ጠዋት የእትዬ አልጋነሽን የመኝታ ቤት በር እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሜ ቆምኩ። ከውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ከበሩ ማዶ ቆመው ነበር። አልከፈቱም። ሄድኩ።

ነፃ የወጣ ሰው ደስ ይለዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ሚሌ ስንደርስ ሾፌሩን መልሰኝ ልለው ምንም አልቀረኝም። ሰፊ ሜዳ፣ ትኩስ ነፋስ፣ የማውቀው ሰው የለም፤ ጎኔ የሚጠጋበት ነገር ያጣሁ መሰለኝ። ባቲ ላይ ሻይ ገዛልኝ፣ ሳልጠጣው ደፋሁት። ጣርማ በር ላይ ብርዱና የእርጥብ ሣር ሽታው ሲመጣብኝ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ሾፌሩም ጉንፋን የያዘኝ መስሎት መስኮቱን ዘጋ።

ቤታችን ስደርስ እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። ወዲያው ያለችኝ ግን «አባረሩሽ?» ነው። የለም አልኳት። «ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት ምን ብለሽ ለቀቅሽ?» መኝታዬን ታናሽ እህቴ ይዛዋለች። የገዛ ቤቴ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ እንግዳ ጥግ ፈልጌ ተኛሁ። ቀስ በቀስ ነው ፊቴን የማዞርበት ያገኘሁት፤ መጀመሪያ ጉልት ያዝኩ፣ ከዚያ ባል አገባሁ፣ ወለድኩ። እትዬ አልጋነሽን ዳግም አላየኋቸውም። መንገዱም በኋላ ተዘጋ። አገር ገብተዋል የሚል ሰው ነበር፣ የለም አርፈዋል የሚልም ነበር። ልጆቼን ሳሳድግ፣ አንዱ ሲታመምብኝ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ሳቀዘቅዝ፣ ከዚያ በር ማዶ ቆመው የነበሩትን ሴትዮ አስባለሁ። በድያቸው ይሆን? በድያቸዋለሁ። ብቀር ደግሞ እናቴን በድያት ነበር። ሳልበድል የምወጣበት በር አልነበረውም ያ ቤት።

ለሜሮን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልነገርኳትም። ከሱቁ ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ግማሹን ነገርኳት፣ የዓሦቹን። ሳቀች፣ በሸራፏ። ከእኔ ጋር ነው ያደገችው። ጅማ ጥሩ ሥራ አግኝታ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሰማሁ ቀን እሰይ ብያታለሁ። ወዲያው ግን ስለ ጉልበቴ አወራሁላት። በሌላ ቀን ስለ ደም ግፊቴ። ቀጥሎ፣ ክረምቱ ይውጣና ትሄጃለሽ አልኳት። ሂጂ ወይ ቅሪ ብዬ አስገድጃት አላውቅም፤ ይህንን ለጎረቤት ሁሉ በኩራት እናገር ነበር።

«የጅማው ነገር ምን ደረሰ?» አልኳት።

«ተውኩት እኮ እማዬ። እዚህ ደህና ነኝ።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት የበላሁበት ቃል ነው። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነበር፤ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈን፣ በዓይኗ ሸኘችው።

«ቁርጡን ንገሪን ያሉሽ እስከ መቼ ነበር?»

«እስከ ዓርብ» አለች፣ ሳትዞር።

ጾሙ ይፈታና ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።